አድራሻ የሌለው መሬት፦ ስለ ፒዬሮ ኡሚልያኒ «አፍሪካ» አልበምና ስለ እኛም ዝምታ

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሰው ስናወራ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ መሬት ልጠቅሰው ነው። መሬትም እንደ ሰው ስም አለው። ስሙን የተነጠቀ መሬት ማንም እንዳሻው የሚያርሰው ጠፍ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት የአንድ ኢጣልያዊ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሥራ ነው። ሰውዬው ፒዬሮ ኡሚልያኒ ይባላል፤ በ1926 ፍሎረንስ ተወልዶ በ2001 እዚህ ሮም ያረፈ ሙዚቀኛ ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኡሚልያኒ በ1972 «ሞጂ» በሚል የብዕር ስም «አፍሪካ» የተሰኘ አልበም አወጣ። ቆየት ብሎም «ኮንቲኔንቴ ኔሮ»፣ ማለትም «ጥቁሩ አህጉር» የተሰኘ ሌላ አልበም ጨመረበት። ሁለቱም የአፍሪካን ምድር በድምፅ ለመሣል የተሠሩ ናቸው። ለረጅም ዘመን ከጥቂት ሸክላ ሰብሳቢዎች በስተቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ግን ዳግም ታትመው፣ በኢንተርኔትም ተለቀው፣ አዲስ ትውልድ አድማጭ አግኝተዋል።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእኔ እምነት ያገባናል። ይህን የምለው ኢጣልያ በደለችን የሚለውን የቆየ ክስ አንድ ጊዜ ለመድገም ብዬ አይደለም። አልበሙ ለእኛው፣ ከአገራችን ርቀን ለምንኖረው ሰዎች፣ የሚያቀርበው ጥያቄ ስላለ ነው፦ ከአንድ ምድር ርቆ ስለዚያ ምድር የሚዘፍን ሰው ዕዳው ምንድን ነው?

ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ እንጂ ሙዚቀኛ አይደለም። ስለዚህ አንባቢ በሙዚቃ ሊቅነት ሳይሆን በትዕግሥት በሚያዳምጥ ሰው ሚዛን እንዲመዝነኝ እጠይቃለሁ።

ሰውዬውና ሙያው

በመጀመሪያ ለኡሚልያኒ የሚገባውን ክብር እንስጠው። ማርዮ ሞኒቼሊ በ1958 ለሠራው «ኢ ሶሊቲ ኢኞቲ» ለተሰኘው ፊልም የጻፈው ሙዚቃ ጃዝን ወደ ኢጣልያ ሲኒማ ካስገቡት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። አሜሪካዊው የትራምፔት ተጫዋች ቼት ቤከር ለኡሚልያኒ የፊልም ሙዚቃዎች ተጫውቷል። የኡሚልያኒን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ አንዷን ዜማውን ሳያውቃት አይቀርም። በ1968 ስለ ስዊድን ለተሠራ ፊልም የጻፋት «ማ ና ማ ና» የምትባለው ትርጉም የለሽ ቀልደኛ ዘፈን በአሜሪካ ቴሌቪዥን የ«ማፔት» አሻንጉሊቶች አፍ ገብታ ዓለምን ዞራለች።

ኡሚልያኒ ሮም ውስጥ «ሳውንድ ወርክ ሾፕ» የሚባል የራሱ ስቱዲዮ፣ እንደ «ኦሚክሮን» ያሉ የራሱ አነስተኛ የሸክላ አሳታሚዎችም ነበሩት። በእነዚህ አማካይነት ከፊልም ሥራው ጎን ለጎን ብዙ የማጀቢያ ሙዚቃ አመረተ። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ አሠራሩ ለየት ስለሚል ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

በዚያ ዘመን የኢጣልያ ቴሌቪዥንና የዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ሙዚቃ ማስጻፍ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ተዘጋጅቶ በመደርደሪያ የሚቀመጥ ሙዚቃ ገበያ ተፈጠረ። ሸክላው የሚታተመው በጥቂት ቅጂ ነው። በሱቅ ለሕዝብ እንዲሸጥ ታስቦ ሳይሆን ለፊልም አዘጋጆች እንዲከፋፈል ነው። አዘጋጁ ምስሉን ይዞ ይመጣል፤ ከመደርደሪያው «ባሕር»፣ «ፋብሪካ»፣ «ጭንቀት» ወይም «አፍሪካ» የሚል ርዕስ ያለበትን ያወጣል፤ ከምስሉ ሥር ያስገባዋል። ደራሲው ገንዘብ የሚያገኘው ሙዚቃው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ ሙዚቃ ብዙ ቦታ እንዲገባ ከተፈለገ የየትም መሆን የለበትም። በእኔ ሙያ አነጋገር ደረጃውን ጠብቆ የተሠራ ብሎን ማለት ነው። ብሎኑ የሚፈለገው በየትኛውም ማሽን ላይ ስለሚገባ ነው። «የወሎ የሠርግ ዜማ» ብለህ ርዕስ ብትሰጠው ስለ ኬንያ አንበሶች ፊልም የሚሠራው አዘጋጅ አይወስድልህም። «ሳቫና» ብትለው ግን ከሴኔጋል እስከ ታንዛኒያ ይሸጣል። እንግዲህ የመሬቱ ስም የጠፋው በክፋት ሳይሆን በንግድ ስሌት ነው። ውጤቱን ያየን እንደሆነ ግን ልዩነቱ እምብዛም አይደለም።

አልበሙ ሲደመጥ

ሙዚቃው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን መጥፎ አይደለም። ከበሮዎቹ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ በመካከላቸው የዋሽንት ድምፅ ብቅ ይላል፤ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎቹ እንደ ሩቅ ጭጋግ ከኋላ ይተኛሉ። ኡሚልያኒ ባዶ ቦታን መጠቀም ያውቅበታል። ብዙ ኖታ አይዘራም። አንድ ሐረግ አስቀምጦ አድማጩ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ለዓመታት ለምስል የጻፈ ሰው እጅ መሆኑ ያስታውቃል።

ችግሩ የሚጀምረው «ይህ የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ከአልበሙ ርዕሶች መካከል «አረንጓዴ ንጋት»፣ «ብቸኛው መንደር» እና «ሳቫና» ተብለው የሚተረጎሙ አሉ። ንጋቱ የየትኛው አገር ንጋት ነው? መንደሩስ ማን ይባላል? ብቸኛ ያሰኘው ማን ጥሎት ሄዶ ነው? ሙዚቃው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም፤ መልስ እንዲኖረውም አልተሠራም። ምድር አለ፣ ሰማይ አለ፣ ነፋስ አለ፤ ነዋሪ ግን የለም። ከበሮውን የሚመታ ሰው ስሙ፣ ቋንቋው፣ የሚመታበት ምክንያት (ሠርግ ይሁን ለቅሶ፣ አዝመራ ይሁን ጸሎት) በድምፁ ውስጥ አይሰማም።

ከላይ የጠቀስኳት «ማ ና ማ ና» የተጻፈችው ስዊድንን ለማጀብ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያንን ዜማ ሰምቶ ስዊድንን የሚያስብ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። ስዊድን በዚህ አልተጎዳችም። የራሷ ድምፅ፣ የራሷ ፊልም፣ የራሷ አሳታሚ አላት፤ ሌሎች ያሉላትን ታርማለች ወይም ትስቅበታለች። በ1972 «አፍሪካ» ተብሎ በአንድ ሸክላ የተጠቀለለው አህጉር ግን ኢጣልያዊው ተመልካች ቤት የሚገባው በእነዚያ ዘጋቢ ፊልሞች በኩል ነበር። ምስሉ ዝም ያለ፣ ተራኪው ኢጣልያዊ፣ ሙዚቃው ከሮም። ባለአገሩ የሚናገርበት ቀዳዳ አልነበረም።

በዚያው ዓመት፣ ሌላ ሸክላ

አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1972 ሌላ አልበም ወጥቷል። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ኒው ዮርክ ውስጥ ቀርጾ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በሚል ርዕስ ያሳተመው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማድመጥ ብዙ ያስተምራል።

እንደገና ከርዕስ እንጀምር። የሙላቱ አልበም «መስከረም ሲጠባ»፣ «ኩሉን ማን ኳለሽ»፣ «ደወል» የተሰኙ ሥራዎችን ይዟል። «አረንጓዴ ንጋት» እና «መስከረም ሲጠባ» ሁለቱም ስለ አዲስ ጅማሬ የሚናገሩ ርዕሶች ናቸው። የመጀመሪያው የትም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ክረምቱ የወጣበት፣ ወንዙ የጎደለበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት፣ አደይ አበባ ሜዳውን የሞላበት አገር ነው። «ኩሉን ማን ኳለሽ» ሲባል ደግሞ ሙሽራ አለች፣ ሚዜ አለ፣ ድንኳን አለ፣ በር ላይ የቆመች እናት አለች። ርዕሱ ብቻ ቤት ሙሉ ሰው ይዞ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እንዳንሠራ እፈራለሁ። «ሙላቱ ባለአገር ስለሆነ፣ ኡሚልያኒ ባዕድ ስለሆነ» ብለን ነገሩን መዝጋት ይቀናናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይዘጋም። የሙላቱም አልበም የተሠራው ከኢትዮጵያ ምድር በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው። ቫይብራፎን፣ ኮንጋና በ«ዋ ዋ» ፔዳል የሚያለቅስ ኤሌክትሪክ ጊታር የእኛ መሣሪያዎች አይደሉም። ሙላቱ ራሱ በወጣትነቱ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ የተማረ ሰው ነው። እንግዲህ ርቀት ወንጀል አይደለም፤ ቅይጥም ወንጀል አይደለም። ይህ ካልሆነማ እኛ ስደተኞች ስለ አገራችን አንዲት ዜማ እንኳ ማንጎራጎር ባልተፈቀደልን ነበር።

ልዩነቱ ያለው በአድራሻው ላይ ነው። የእኛ ቅኝቶች ራሳቸው አድራሻ መሆናቸውን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲ እና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ አምባሰል አምባ ነው። ማለትም አንድ መሲንቆ መቺ «በአምባሰል ልቃኝልህ» ሲል ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ብቻ ሳይሆን ድምፁ ከየት እንደመጣ ጭምር መናገሩ ነው። ትዝታና አንቺ ሆዬም ቢሆኑ የቦታ ስም ባይሆኑም የስሜትና የሰው ስም ናቸው፦ አንዱ ናፍቆት ነው፣ ሌላው «አንቺ» ተብላ በቀጥታ የምትጠራ ሴት ናት።

ይህ ነገር ቴክኒካዊ ትርጉምም አለው። ፒያኖ አንድን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ድግግሞሹን በ1.0595 ገደማ ያበዛዋል። የእኛ ቅኝቶች ከእነዚህ ውስጥ በአምስት ድምፅ ብቻ ይኖራሉ። ለምሳሌ አንቺ ሆዬን በፒያኖ በግርድፉ እንጻፈው ቢባል ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ይሆናል። «በግርድፉ» ያልኩት የመሲንቆ መቺው ጣት የፒያኖውን እኩል ክፍፍል የማክበር ግዴታ ስለሌለበት ነው። እንግዲህ ሙላቱ የገባበት ፈተና ይህ ነበር። ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ሥር የጃዝን ባለ 12 ድምፅ ኅብር ስታነጥፍ፣ ኅብሩ ከቅኝቱ ውጭ የሆኑ ድምፆችን ይዞ ይገባል። ትንሽ ከበዛ አንቺ ሆዬ ትጠፋለች፤ የሚቀረው ማንኛውም የምሽት ክበብ ጃዝ ነው። የሙላቱ ሥራ ትልቅነት ቅኝቱ እንዳይሰጥም በየመስመሩ ዘብ መቆሙ ነው። ዘብ ሲቆም ይሰማል። ሙዚቃው ውስጥ ያለው ውጥረት፣ ያ እንደ ሕልም የሚያንዣብብ ነገር፣ ከዚያ የመጣ ነው።

ኡሚልያኒ ግን ዘብ የሚቆምለት ነገር አልነበረውም። የጠራው ቅኝት፣ ቃል የገባለት ሕዝብ ስለሌለ በፈለገበት ይሄዳል። ይህ ነፃነት ሙዚቃውን ለስላሳ አድርጎታል። በአልበሙ ውስጥ እኔ ያጣሁትም ይኸው ነው፦ ግጭት። ምድር ለሚያርሳት ሰው ትከብዳለች፤ የኡሚልያኒ ምድር ግን ክብደት የላትም።

ሙላቱም በኋላ ፊልም ውስጥ ገብቷል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አራተኛ ቅጽ ሥራዎቹን ሰብስቦ ካወጣ በኋላ፣ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ውስጥ ተጠቀመባቸው። አጠቃቀሙን እናስታውስ። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሙዚቃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ እጅ ነው። ሰውዬው በአሜሪካ መንገዶች ላይ እየነዳ የኢትዮጵያን ዜማ ይሰማል፤ ዜማው ከየት እንደመጣ ግን እሱም ተመልካቹም ያውቃሉ። ማጀቢያ ሆኖም አድራሻው አልጠፋም። በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም ሙዚቃውን የሠሩት ኢትዮጵያዊው ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው ቪጃይ አየር ናቸው። ባዕድና ባለአገር አብረው ሲሠሩ ምድሪቱ ስሟን እንዳልተነጠቀች ለሚጠራጠር ሰው ይህ በቂ ምስክር ነው።

የሮም ልማድ

ሮም ውስጥ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ የአድራሻ ጉዳይ ተራ የሙዚቃ ጨዋታ አይደለም። ይህች ከተማ ስለ እኛ ምድር መዝፈን የጀመረችው ከኡሚልያኒ በፊት ነው። «ፋቼታ ኔራ» የተሰኘው ዘፈን በ1935፣ የፋሺስት ጦር በጥቅምት ወር ኢትዮጵያን ከመውረሩ በፊት፣ ተጽፎ ነበር። ግጥሙን በሮም ቀበልኛ የጻፈው ሬናቶ ሚኬሊ፣ ዜማውን የሠራው ማርዮ ሩቾኔ ነው። ዘፈኑ አንዲት ሐበሻ ልጃገረድን «ነፃ እናወጣሻለን» ይላታል፤ ስሟን ግን አይጠራም። ወታደሩ የእኛን ምድር ሳይረግጥ ዘፈኑ ረግጦታል።

ኡሚልያኒን ከዚህ ጎን ማሰለፍ ግፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ኡሚልያኒ ለሰልፍና ለወረራ አልዘፈነም፤ የእሱ ሙዚቃ ማንንም አይሳደብም፣ ማንንም አያስፈራራም። ነገር ግን ልማድ ከሐሳብ በላይ ዕድሜ አለው። የፋሺስት ሥርዓት ከወደቀ ወደ 30 ዓመት ገደማ አልፎም ቢሆን ስም የሌላት ሴት በስም የለሽ ምድር ላይ መቆሟ አልቀረም።

ምሳሌ ልስጥ። በዚያው በ1972 ሉዊጂ ስካቲኒ «ላ ራጋጻ ዳላ ፔሌ ዲ ሉና» («ቆዳዋ እንደ ጨረቃ የሆነ ልጃገረድ») የተሰኘ ፊልም ሠራ። ሙዚቃው የኡሚልያኒ ነው። ዋና ተዋናይዋ ደቀመሐሪ የተወለደችው ዘውዲ አርአያ ናት። ፊልሙ የተቀረጸው ግን በሲሸልስ ነው፤ ዘውዲ የምትጫወተውም የሲሸልስ ልጅ ሆና ነው። እስቲ ይህን እንደ መሐንዲስ በክፍል በክፍሉ እንፍታው፦ ሰውነቷ ከደቀመሐሪ፣ መሬቱ ከሲሸልስ፣ ዜማው ከሮም። አንዱ ክፍል በሌላው ሲተካ ማሽኑ መሥራቱን አላቆመም። ብሎን ይሏል ይህ ነው! ሙዚቃውም እንደ «አፍሪካ» ሁሉ ውብ ነው፤ በተደጋጋሚ ታትሟል።

ለዚህ ሁሉ ከሁሉ የተሻለው ተቃራኒ ምስክር አሁንም እዚሁ ሮም ውስጥ ቆሞ የነበረ ድንጋይ ነው። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር በታሰበውና ከ1951 ጀምሮ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆመ። በ1947 የፓሪሱ የሰላም ስምምነት 37ኛው አንቀጽ ኢጣልያ የዘረፈችውን ሁሉ በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። 18ቱ ወራት ወደ ስድስት ዐሥርት ዓመታት ግድም ተራዘሙ። ሐውልቱ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008ም አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም ድንጋይ ማጓጓዝ ቀላል የምህንድስና ሥራ አይደለም። ከምህንድስናው በፊት ግን አንድ ነገር ነበረ፦ ሁሉም ሰው የአክሱም ሐውልት ብሎ ይጠራው ነበር። ሮሞችም ሳይቀሩ። ስሙ በየቀኑ ይመሰክርበት ነበር። «አፍሪካዊ ሐውልት» ተብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወዴት ይመለስ ነበር?

አድራሻ የሌለው ነገር አይመለስም። ጽሑፌን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልል ብባል የምለው ይህንኑ ነው።

ለራስ ሲሆን

«ዘመኑ ነው፣ ያኔ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይታወቅም ነበር» የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ይህ ክርክር ግን አይቆምም። በዚሁ በሮም፣ በሳንታ ቼቺሊያ አካዳሚና በኢጣልያ ሬዲዮ ትብብር፣ በ1948 የሕዝብ ሙዚቃ ጥናት ብሔራዊ ማዕከል ተቋቁሟል። በ1954 እና 1955 አሜሪካዊው አለን ሎማክስና ኢጣልያዊው ዲዬጎ ካርፒቴላ መቅረጫቸውን ተሸክመው ኢጣልያን ከዳር እስከ ዳር ዞሩ። የሲሲሊን ዓሣ አጥማጆች፣ የጄኖቫን የወደብ ሠራተኞች ቀረጹ። ሥራቸው ዛሬም የሚከበረው ድምፁ የየትኛው መንደር፣ የየትኛው ሙያ፣ የየትኛው ሥራ ዘፈን እንደሆነ ስለመዘገቡ ነው። እንግዲህ ኡሚልያኒ ስቱዲዮውን ሲከፍት ሮም የመሬትን ድምፅ ከነስሙ መያዝ ካወቀች ቆይታለች። ዕውቀቱ አልጎደለም። ለካላብሪያ ገበሬ የተሰጠው ክብር ባሕሩን አልተሻገረም እንጂ።

ጣታችንን ወደ ራሳችን

አሁን ወደሚከብደው ጉዳይ ልምጣ። አንድ ጣት ወደ ሮም ስንቀስር ሦስቱ ወደ እኛው ይመለሳሉ።

በካሴት ዘመን የታተሙ የአማርኛ ሙዚቃዎችን ሽፋን ያስታወሰ ሰው አንዲት ቃል ያስታውሳል፦ «ዜማ፦ የሕዝብ»። ሕዝብ ማን ነው? ብዙ ጊዜ «ሕዝብ» ማለት ጎንደር ወይም ወሎ ውስጥ በአንድ ጠጅ ቤት ለዓመታት የዘፈነ፣ ዜማውን ከአባቱ የተማረና የራሱን የጨመረበት አዝማሪ ነው። አዲስ አበባ መጥቶ የቀረጸው ሌላ፣ የሸጠው ሌላ፤ አዝማሪው ግን «ሕዝብ» ሆኖ ቀረ። ኡሚልያኒ አንድ አህጉር ያህል ምድር «አፍሪካ» ብሎ ጠቀለለ፤ እኛ ደግሞ ያንን አዝማሪ «የሕዝብ» ብለን ጠቀለልነው። በመጠን እንለያይ ይሆናል እንጂ በአሠራር አንለያይም። ያውም ኡሚልያኒ ከበሮውን ያስመታው በራሱ ስቱዲዮ ነው፤ እኛ የወሰድነው በስም የምናውቀውን የወንድማችንን ነው።

ሕጉ የለም አይባልም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ወጥቷል፤ በ2014 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ ለደራሲ ከገንዘቡ ባሻገር ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን መብቱን የሚጠይቀው ስሙ የሆነ ቦታ ተጽፎ የተገኘ ሰው ነው። ስሙን ያልጻፍንለት ሰው ፍርድ ቤት ምን ይዞ ይሄዳል?

በውጭ የምንኖረውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ልጆቻችን ኢትዮጵያዊ ድምፅ ሲፈልጉ ከኢንተርኔት «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተለጠፈ የተቆራረጠ የክራር ድምፅ አውርደው ከከበሮ ማሽን ጋር ያጋጥሙታል። መጥፎ ሥራ ነው አልልም፤ አንዳንዱ ሲሰማ ያኮራል። ግን ክራሩን የመታው ማን ነው? በየትኛው ቅኝት ነው? ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ስንቱ ነው? ዛሬ ደግሞ «ኢትዮጵያዊ ጃዝ ሥራልኝ» ተብሎ ሲታዘዝ በደቂቃ ውስጥ የሚያቀርብ ማሽን መጥቷል። ማሽኑ የኡሚልያኒ መደርደሪያ የልጅ ልጅ ነው፦ ርዕስ ትሰጠዋለህ፣ ድምፅ ይሰጥሃል። ኡሚልያኒ ቢያንስ ፈርሞበታል፤ በብዕር ስምም ቢሆን ፊርማው አለበት። ማሽኑ የሚሰጥህን ማንም አይፈርምበትም፤ ከማን እንደተማረውም ሽፋኑ ላይ አይገኝም። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ያሉት ለዚህ ነበር። አሁን ባለቤቱን መናቅ እንኳ አላስፈለገም፤ ባለቤት እንዳለ መርሳት ብቻ በቂ ሆኗል።

ምን እናድርግ?

የኡሚልያኒ አልበም ይታገድ ወይም አይደመጥ የሚል ሰው ካለ እኔ አብሬው የለሁም። አልበሙ ይደመጥ። ከኢጣልያ ሲኒማ ወርቃማ ዘመን የተረፈ፣ በጥሩ እጅ የተሠራ የሮም ሙዚቃ ነው። እንደ ሮም ሙዚቃ ከተደመጠ ብዙ ደስታ ይሰጣል። ዳግም የሚያሳትሙት ሰዎችም ሽፋኑ ላይ አንድ ገጽ ጨምረው ይህ በየትኛው ገበያ፣ ለምን ጥቅም፣ በማን እንደተሠራ ቢጽፉበት ሙዚቃው አይቀንስም፤ እንዲያውም ይከብራል። ማጀቢያ ሆኖ የተሠራን ነገር «የአፍሪካ ነፍስ» አስመስሎ መሸጥ ኡሚልያኒንም መበደል ነው፤ እሱ እንደዚያ ብሎ አልሸጠውምና።

ከእኛ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በውጭ ያለን ሙዚቀኞች፣ ፊልም ሠሪዎች፣ የማኅበረሰብ ራዲዮ አዘጋጆች፣ ሥራ በምናወጣ ቁጥር አራት ነገሮች ብንጽፍ ምን ይከብደናል? ቅኝቱ ምንድን ነው? ዜማው ከየትኛው ቦታ ነው? ከማን ተሰማ? መሣሪያውን ማን መታው? አራት መስመር ነው። የአንድ መስመር ወጪ አይጠይቅም፤ ድጋፍ ሰጪ ድርጅትም አያስፈልገውም። የምህንድስና ሥዕል ያለ ልኬት፣ ያለ ቀንና ያለ ፊርማ ተቀባይነት የለውም፤ ድልድይ ሲወድቅ ተጠያቂው የሚታወቀው ድልድይ ሲቆምም የሚመሰገነው የሚታወቀው በዚያ ነው። ዜማ ከድልድይ ያነሰ ነገር አይመስለኝም። ብዙዎቻችን ወደ አገራችን የምንሻገረው በእሱ ላይ ነውና።

ከመሬት ርቀን ስለ መሬት መዝፈናችን አይቀርም። ሙላቱ ኒው ዮርክ ላይ ሆኖ መስከረምን በስሙ ጠርቷል፤ እኛም ሮም፣ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ሆነን ባቲን ባቲ፣ አምባሰልን አምባሰል ማለት አያቅተንም። ሐውልቱ ስሙን ይዞ ስለቆየ አገሩ ገብቷል። ዜማዎቻችንም ነገ የሚመለሱበት ቤት እንዲኖራቸው ዛሬ ስማቸውን እንጻፍላቸው።

ቸር ይግጠመን።

ሮም፣ ኢጣልያ